ነጭ ዕቃ በነጭ ዳራ ላይ፦ ጠርዙን የሚያወጣው ጥቁር ካርቶን ነው

ሰላም ለእርስዎም ለቡድኑ አባላትም። ነጭ የሸክላ ኩባያዎችዎንና በእጅዎ የሚሠሯቸውን ነጭ የሕፃን ሹራቦች በነጭ ወረቀት ላይ ሲያነሱ፣ ፎቶው ወይ ሁሉ ነገሩ ግራጫ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ወይ ደግሞ ብርሃን ሲጨምሩበት የኩባያው ጠርዝ ከወረቀቱ ጋር ተዋሕዶ እንደሚጠፋ ጽፈዋል፤ እያንዳንዱን ፎቶ በፎቶሾፕ ቆርጦ ማውጣት ሳያስፈልግ ይህ የሚስተካከልበት መንገድ ይኖር እንደሆነም ጠይቀዋል። መንገዱ አለ። ለሽያጭ የሚቀርቡ ዕቃዎችን ማንሳት ሥራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ከሁሉም ይበልጥ የምወደውም ይህንኑ ነጭ በነጭ ላይ የማንሳት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ውጤቱን የሚወስነው የካሜራው ውድነት ሳይሆን የብርሃኑና የዕቃው አቀማመጥ ነው። የጠቀሷቸው ሁለቱ ችግሮች አንድ ቢመስሉም ምንጫቸው ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው።

ግራጫ የመሆኑ ጉዳይ ቀላሉ ነው። በካሜራም ሆነ በስልክ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፤ የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም በተለምዶ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነገር ነው ብሎ ይነሣል። ነጭ ወረቀት ግን 90 በመቶ ገደማ ያንጸባርቃል፤ ይህም አምስት እጥፍ፣ በስቶፕ ሲቆጠር (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው) ደግሞ ከሁለት ስቶፕ ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት ነው። ስለዚህ መለኪያው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሰዋል፣ ነጩም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራ ካለዎት የኤክስፖዠር (ፎቶው የሚቀበለው የብርሃን መጠን) ማካካሻውን ወደ +1.5 ወይም ወደ +2 ያውጡት፤ በስልክ ደግሞ ኩባያው ላይ ጣትዎን ተጭነው ትኩረቱና ብርሃኑ እስኪቆለፍ ድረስ ይጠብቁና በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ከጎን የሚታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ይግፉት። ከዚህም የሚሻለው ኩባያው የሚቆምበት ቦታ ላይ ግራጫ ካርድ (ያንኑ 18 በመቶ ያህል የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ) አስቀምጦ፣ ክፈፉን በካርዱ ሞልቶ ከለኩ በኋላ፣ የተገኘውን ቁጥር በማኑዋል፣ ማለትም በእጅ በሚስተካከለው ሁነታ፣ መቆለፍ ነው። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ በዚያው ቁጥር ኩባያዎቹን ሁሉ ማንሳት ይቻላል፣ መለኪያውም በየፎቶው ሐሳቡን አይቀይርብዎትም።

የጠርዙ መጥፋት ግን በኤክስፖዠር አይፈታም፤ ብዙ ሰው የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የዲጂታል ፎቶ ውስጥ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ 255 የመጨረሻው ነጭ ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ወረቀቱ 255 ደርሶ ኩባያውም 255 ከደረሰ በመካከላቸው ልዩነት ስለማይኖር ዓይን የሚይዘው መስመር ያጣል። ዳራውን ከነጭ በላይ ነጭ ማድረግ አይቻልምና የቀረው አማራጭ ኩባያውን፣ በተለይም ጠርዙን፣ ዝቅ ማድረግ ነው። እኔ የምፈልገው ዳራው 250 እና ከዚያ በላይ፣ የኩባያው አካል በጣም በበራበት ቦታ ከ225 እስከ 240፣ ጠርዙ ደግሞ 200 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ነው። በእነዚህ ቁጥሮች የወጣ ኩባያ ለተመልካቹ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ቅርጹም ይታያል።

ጠርዙን ዝቅ የሚያደርገው ጥቁር ካርቶን ነው። ኩባያዎ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ከሆነ እንደ ጎባጣ መስተዋት በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያንጸባርቃል፤ ከቀኝና ከግራው ነጭ ግድግዳና ነጭ ወረቀት ካለ፣ ጎኖቹ ላይ የሚታየው ነጭ ነው። ከኩባያው ቁመት የሚበልጡ ሁለት ጥቁር ካርቶኖችን በቀኝና በግራ፣ ከክፈፉ ልክ እንደወጡ ያቁሙና ስክሪኑን እያዩ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሷቸው። ከኩባያው አፍ ጀምሮ ጎኑን ተከትሎ እስከ መቀመጫው የሚወርድ ቀጭን ጥቁር ግራጫ መስመር ብቅ ሲል ያያሉ። ካርቶኑን ባስጠጉ ቁጥር መስመሩ ይሰፋል፣ ባራቁ ቁጥር ይቀጥናል፤ ለሸክላ የምመርጠው ቀጭኑን ነው፣ ሰፊው ኩባያውን ቆርቆሮ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ካርቶኖቹ ከኩባያው ጋር በትይዩ ከሚቆሙ ይልቅ በጥቂቱ ወደ ኋላው ቢያልፉ ይሻላል፤ ምክንያቱም የክብ ነገር የመጨረሻ ጠርዝ የሚያንጸባርቀው በስተጎን ያለውን ሳይሆን በስተጎንና በስተኋላ ያለውን ነው። ሁለተኛውም ከዚሁ የሚከተል ነው፤ ነጩ ዳራ በክፈፉ ውስጥ ከሚታየው እጅግ የሰፋ ከሆነ ያ ትርፍ ነጭ በኩባያው ጎኖች ላይ ገብቶ ጠርዙን ይበላዋል። ስለዚህ ትልቅ ነጭ ጥቅል ወረቀት ያለው ሰው ጥቁር ካርቶኖቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ትርፉን መሸፈን አለበት። ይህ ብልሃት መጀመሪያ ለብርጭቆ ፎቶ የሚሠራበት ሲሆን፣ ለነጭ ሸክላም ያለ ለውጥ ያገለግላል። ለእጀታው ውስጠኛ ክፍል አንዳንድ ጊዜ ጣት የምታህል ቁራጭ ጥቁር ወረቀት በተጨማሪ ያስፈልጋል፤ የአፉ የኋላ ጠርዝ ከዳራው ጋር ከተቀላቀለም ከላይ በስተኋላ በኩል፣ ከክፈፉ ውጪ፣ ጠባብ ካርቶን ማንጠልጠል ይረዳል።

ሽፋኑ የማያብረቀርቅ ከሆነ መስመር አይወጣም፤ ካርቶኑ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ከግድግዳና ከጠረጴዛ እየተመለሰ ጥላውን የሚሞላውን ብርሃን ያስቀራል። በዚህ ጊዜ ካርቶኑን ይበልጥ ማስጠጋት ያስፈልጋል፣ ለውጡም ለስለስ ያለ ይሆናል።

ዳራውንና ኩባያውን የሚያበራው ብርሃን ቢለያይ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ሁለት መብራት ካለዎት አንዱን ለዳራው ብቻ ይስጡትና ኩባያውን ከዳራው ያርቁት፤ ቦታ ካለ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከመብራት ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ፣ ኩባያውን የሚያበራው መብራት ከኋላ ባለው ወረቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይቀንሳል፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል የሚችሉትም ያን ጊዜ ነው። የዳራው ብርሃን ከኩባያው ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ቢበልጥ በቂ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከኋላ የሚመጣው ብርሃን በጠርዙ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይገባል፣ ሌንሱ ውስጥም ተበትኖ ፎቶውን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ በካርቶን ያወጡትን መስመር መልሶ የሚያጠፋው ይህ ነው። ለዚሁ ሲባል ሌንሱን ይጥረጉ፣ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን የሚከልለውን የሌንስ መከለያ ይግጠሙ፣ ለመከላከያ ተብሎ የተገጠመ ርካሽ ፊልተር ካለም ለጊዜው ያውልቁት።

መብራት ከሌለዎትና ያለዎት አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ጎን ያድርጉት፤ ብርሃኑ ከጎንና በጥቂቱ ከኋላ እንዲመጣ አድርገው ያዙሩት። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን፣ ማለትም መስኮቱ ከጀርባዎ ሲሆን ወይም የካሜራው ፍላሽ ሲበራ፣ ነጭ ዕቃን ፈጽሞ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ ስስ ነጭ ጨርቅ ይጋርዱባት። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ጎን ነጭ ሰሌዳ እንዲቆም ብዙዎች ይመክራሉ፤ ለጥቁር ዕቃ ትክክል ነው፤ ለነጭ ዕቃ ግን እኔ በመጀመሪያ ምንም ሳላቆም አያለሁ፣ ብዙውን ጊዜም የማቆመው ጥቁሩን ነው።

በዚህ አጋጣሚ በየቦታው ስለሚሸጡት ነጭ የጨርቅ የፎቶ ሳጥኖች ማለት የምፈልገው አለ። ለቀለማም አሻንጉሊት ወይም ለጥቁር ቻርጀር ጥሩ ናቸው፤ ለነጭ ዕቃ ግን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነጭ ብርሃን ስለሚያፈሱ ጥላ የሚባል ነገር አያስቀሩም። ሳጥኑ አስቀድሞ ካለዎት አይጣሉት፤ ከውስጥ ሁለት ጥቁር ወረቀቶችን በግራና በቀኝ ይለጥፉና ከአንድ ጎን ብቻ ያብሩት። አዲስ ለመግዛት ካሰቡ ግን ገንዘብዎን ለትራይፖድ (ለባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እና ለካርቶን ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ሹራቦቹ ሌላ ዓይነት ትኩረት ይፈልጋሉ። ሱፍ አያብረቀርቅምና የሚያሳየው የሹራቡ ጥልፍልፍ ነው፤ ጥልፍልፉ የሚታየውም እያንዳንዱ ዙር በአጠገቡ ባለው ላይ ትንሽ ጥላ ሲጥል ነው። ስለዚህ ሹራቡን ዘርግተው ከላይ ሲያነሱት መብራቱን ወይም መስኮቱን ከአንድ ጎን በጣም ዝቅ አድርገው፣ ብርሃኑ ጨርቁን እየዳሰሰ እንዲያልፍ ያድርጉ። የብርሃኑ ምንጭ ለኩባያው ከተጠቀሙበት አነስ ያለ ቢሆን ጥላዎቹ ይበልጥ ይጠራሉ። ሹራቡን በቀጥታ በወረቀቱ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ከሥሩ ከሹራቡ ያነሰ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር የሚወፍር ነገር ቢያስገቡ ጠርዙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ለስላሳ ጥላ ይጥላል፤ መለያው ያ ጥላ ነው። እጅጌዎቹ ውስጥ ስስ ወረቀት ጨምድዶ መክተትም ክብነት ይሰጣቸዋል።

ሹራቦቹ በፎቶው ላይ ወደ ቢጫ ያደሉና የቆሸሹ የሚመስሉ ከሆነ ጥፋቱ ከሱፉ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው የማተሚያ ወረቀት ነጭነቱ እንዲጎላ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ይህ ንጥረ ነገር በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። በዚህ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ላይ የተፈጥሮ ሱፍ ሲቀመጥ በንጽጽር ቢጫ ሆኖ ይታያል። በአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበሩበት ሰማያዊ ሆኖ የሚፈካ ወረቀት እንዲህ ዓይነቱ ስለሆነ፣ ለሹራቡ የማይፈካውን ይምረጡ። ዋይት ባላንሱንም (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በግራጫው ካርድ ላይ ያስተካክሉ፤ የክፍሉን አምፖሎች ያጥፉ፣ ምክንያቱም የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ የነጩ ዕቃ አንዱ ጎን ሰማያዊ ሌላው ብርቱካንማ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ በአንድ ማስተካከያ ማዳን አይቻልም። ሲያነሱ የለበሱት ደማቅ ልብስም በነጭ ሸክላ ላይ ቀለሙን እንደሚጥል አይርሱ።

በካሜራው ላይ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሆኖ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ቢነሳ የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ቢዘገይም ችግር የለውም። አውቶፎከስ ልዩነት የሌለው ነጭ ላይ ሲያነጣጥር ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ጥቁሩ መስመር ያለበትን ጠርዝ ወይም እጀታውን ይስጡት። ስልክ ከሆነ ኤችዲአር የሚለውን (የበራውንና የጨለመውን ክፍል የሚያመጣጥነውን ሁነታ) ማጥፋት ከቻሉ ያጥፉት፣ በድካም ያወጡትን የብርሃን ልዩነት መልሶ ያስተካክለዋልና። ሰፊውን ሌንስ ትተው ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ተጠቅመው ራቅ ብለው ያንሱ፤ ሲርቁ ከኩባያው ጀርባ የሚያስፈልገው ነጭ ዳራ ይጠባል፣ ይህም ከላይ ስለ ትርፍ ነጭ ያልኩትን ያግዛል። ከዚያ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ (በግራ) እስከ ነጭ (በቀኝ) በክምር የሚያሳየውን ግራፍ፣ ይመልከቱ፦ በቀኝ ጫፍ የዳራው ክምር፣ ከእርሱ በግራ በኩል በሸለቆ ተለይቶ የኩባያው ክምር ካለ ሥራው ተሳክቷል፤ ሁለቱ አንድ ክምር ከሆኑ ወደ ካርቶኖቹ ይመለሱ። የብርሃን መብዛት ማስጠንቀቂያው በዳራው ላይ ብልጭ ድርግም ቢል አያስጨንቅዎ፤ በኩባያው ወይም በሱፉ ላይ ካለ ግን ግማሽ ስቶፕ ይቀንሱ። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የሚያነሱ ከሆነ ካሜራው የሚያሳየው ሂስቶግራም ከተቀናበረው የጄፔግ ቅጂ የተወሰደ መሆኑን ይወቁ፤ በፋይሉ ውስጥ ትንሽ ተጨማሪ ቦታ አለ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ኤዲቲንግ አንድ እንቅስቃሴ ነው። በሌቭልስ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ውስጥ የጥቁሩንና የነጩን ወሰን የሚያስተካክለው መሣሪያ) ውስጥ የነጩን ነጥብ ዳራው ወዳለበት ቁጥር፣ ለምሳሌ 248 ከሆነ ወደ 248፣ ይሳቡት፤ ዳራው 255 ይሆናል፣ ኩባያው ግን ብዙም አይነካም። ብርሃኑን ስላልቀየሩት ይህንኑ ማስተካከያ ለሁሉም ፎቶዎች በአንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል። እንደ አማዞን ያሉ የመሸጫ ገጾች ለዋናው ፎቶ ፍጹም ነጭ፣ ማለትም 255፣ 255፣ 255 የሆነ ዳራ ስለሚጠይቁ ለዚያ ሲሆን ይህ ግዴታ ነው። ለራስዎ ገጽ ከሆነ ግን ዳራውን 245 አካባቢ ተዉት፤ ከኩባያው ሥር ያለው ጥላ በተፈጥሮው እየሳሳ ሲሄድ ይታያል፣ ዕቃውም አየር ላይ የተንጠለጠለ አይመስልም።

ሞክረውት ጠርዙ አሁንም እምቢ ካለዎት፣ ምንም ያልተነካውን ፎቶ፣ ከእርሱም ጋር ጠረጴዛው፣ ካርቶኖቹና መስኮቱ አብረው የሚታዩበትን ሌላ ፎቶ ከሩቅ አንስተው እዚሁ ይለጥፉት። ካርቶኑ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከዚያ ሁለተኛ ፎቶ ላይ በቀላሉ ይታያል።