ጉሙ እስኪገለጥ፦ ስለ ፎቶ ለጠየቃችሁኝ

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈካ ጥያቄው ሁሉ ስለ ፎቶ ይሆናል። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

«ጣርማበር ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ከጉም በቀር ያየሁት የለም። መቼ ልሂድ?» (ከደብረ ብርሃን)

ሕመምህን አውቀዋለሁ ወንድሜ። አንድ ጥቅምት ላይ በሌሊት ተነስቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ አፋፉ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ነጭ ግድግዳ ነው። ተስፋ ቆርጬ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ብርጭቆዬን ሳጋምስ ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ «ውይ፣ ተገለጠ!» አለች። እየሮጥኩ ደርሼ ሦስት ፎቶ እንዳነሳሁ ተመልሶ ተዘጋ። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ እጄ ተንቀጥቅጦ ተበላሽተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣርማበር የደጋው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምድሩ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እዚያ ግን እጅህን ላታይ ትችላለህ። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብትሄድ ይሻልሃል። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። ጠዋት ፀሐይ ከፊትህ ስለምትሆን ሸንተረሩ እንደ ጥላ ተደራርቦ ይታይሃል። ማሳውና ቤቱ በግልጽ እንዲታይህ ከፈለግክ ከሰዓት ሂድ፤ ግን አትዘግይ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተራራው ጥላ ራሱ ቁልቁለቱን ይሸፍነዋል።

ደግሞስ ጉሙን ለምን ጠላኸው? በሚቀጥለው ጊዜ ገደሉን ተወውና ወደ መንገዱ ዙር። ከነጩ ውስጥ መጀመሪያ የአህያ ጆሮ፣ ከዚያ ጭነቱ፣ በመጨረሻ ነጂው ብቅ ሲል ታያለህ። እኔ ከዚያ ቦታ የምወደው ፎቶዬ ይኼ ነው።

«ተራራው በዓይን ሲያዩት ያስፈራል፤ ፎቶው ላይ ግን ጉብታ ያክላል። ስልኬ ነው ችግሩ?» (ከፍቼ)

አይደለም። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው፤ ብዙ ነገር ላስገባ ሲል ሩቁን ያሳንሳል። ስልክሽ ሩቅ የሚያቀርብ ሌላ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሚ። በጣት መለጠጥ ግን ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ከዚያ መጠኑን የሚናገር ነገር ፈልጊ። የጀማን ሸለቆ ያነሳሁበት ፎቶ ነበረኝ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ቀን ጥጉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አየሁ። ጋቢ የለበሰ ሰው ነው። ፎቶውን ቆርጬ እሱን ወደ መሃል ሳመጣው ገደሉ ገደል ሆነ።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። መንዝ ውስጥ ጓሳ ሜዳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ስጠጋቸው ይሸሹኛል። ምን ላድርግ?»

ይቀመጡ መምህር። ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣና አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ቆሞ የሚከተለውን ሰው አይወድም። ከመንጋው ፈንጠር ብለው፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ይቀመጡ። ሣሩን እየነጨ ራሱ ይመጣል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትና ነፋስ የሚበትነው ጎፈር የሚያምረው ከእሱ ቁመት እኩል ሆነው ሲያነሱት ነው። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየዎት ግን ፈገግታ አይምሰልዎት። ራቁ ማለቱ ነው።

ዳቦም ቆሎም አይስጡ። ቀይ ቀበሮ ካዩ ደግሞ ከሩቅ ያንሱ፣ አይከተሉ። በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የሉም። ድሮን ነገር ላነሳችሁ ሌሎች፦ ፈቃዱ ይቅርና እዚያ ሜዳ ላይ ድምፁን መስማት አልፈልግም።

«ለጀማሪ የትኛው ካሜራ ይሻላል?»

ያለህ። ሌንሱን በነጠላህ ጫፍ ጥረገው።

«ብርድ ላይ ስልኬ 30 ከመቶ እያለ ጥፍት ይላል።»

ብርድ ባትሪውን ያደክመዋል። ከኮትህ ሥር፣ ከገላህ አጠገብ ያዘው፤ ለማንሳት ብቻ አውጣው። ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

«መንዝ ተወልጄ አደግኩ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ዋው ሲል እኔ የማየው ድንጋይና ገብስ ነው። ምን ነካኝ?» (ከመሃል ሜዳ)

ምንም አልነካሽም። ለእኔም ውርጭ ማለት በልጅነቴ እግር የሚያቃጥል ነገር ነበር። አንድ ኅዳር ፀሐይ ሳትወጣ ተንበርክኬ አንዲት ሣር አየሁ። ዳር ዳሯን ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች፤ ጠጋ ስል ጨው ያልኩት ሁሉ መርፌ ነው። ፀሐይ ስትነካት ከጫፏ ጀምራ ውሃ ሆነች። ስልኬን እስካወጣ ግማሹ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ፎቶ ያስተማረኝ ይኸው መመላለስ ነው።

አንቺም አንድ ነገር ምረጪ። አያትሽ በሕይወት ካሉ ቤታቸውን አንሺ፤ ለአንድ ወር፣ በየጠዋቱ። ክዳኑ የጓሳ ሣር ከሆነ ኩበቱ ሲነድ ጭሱ በሣሩ መሃል ለመሃል ይወጣል። ቤቱ በአንቺና በፀሐይዋ መካከል እንዲሆን ቁሚ፤ ያኔ ጣሪያው በሙሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ከዚያ አስፈቅጂና ግቢ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ጭሱ ላይ ሲያርፍ መስመር ይሠራል፤ እሳቸው ባናቸውን ደርበው እዚያ መስመር ላይ ቢቀመጡልሽ ሌላ መብራት አያስፈልግሽም። በሩን ግን ወለል አድርገሽ አትክፈቺው፣ ጭሱ ይወጣል። ገርበብ አድርጊው። ዓይን ማቃጠሉን እንግዲህ ቻዪው።