ጠጠሩ እያለ ኢንፌክሽኑ አይለቅም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሽንት ሲመጣ ያቃጥለኛል፣ ሽታውም ይከብዳል። ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ ገዝቼ እወስዳለሁ። ይሻለኛል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ይመለሳል። በቅርቡ በአልትራሳውንድ ግራ ኩላሊቴ ውስጥ ትልቅ ጠጠር ታየ። በሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ በሚለይ ምርመራ) ደግሞ ፕሮቲየስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። ሐኪሜ ጠጠሩ መውጣት አለበት ይላሉ። እኔን ግን ጎኔን እምብዛም አያመኝም። ጎረቤቶቼ ቢራ ጠጪበት፣ ጠርጎ ያወጣዋል ይሉኛል። ጠንከር ያለ መድኃኒት ወስጄ ብተወውስ? ቀዶ ጥገና በጣም እፈራለሁ።
ሀ. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሐኪምዎ ግን ልክ ናቸው።

ጠጠርዎ ብዙ ሰው ከሚይዘው የካልሲየም ጠጠር የተለየ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮቲየስ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ የሚባል የሰውነት ቆሻሻ እየሰባበረ አሞኒያ ያወጣል። ሽታውም ከዚያ ሊሆን ይችላል። አሞኒያው የሽንቱን አሲድነት ያጠፋና ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ7 በላይ ያደርሰዋል። ያኔ ማግኒዥየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ተጣብቀው ስትሩቫይት የሚባል ጠጠር ይሠራሉ። ይህ ጠጠር በወራት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ውስጥ አድጎ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ እያወጣ ኩላሊቱን ይሞላል። ካለበት ስለማይንቀሳቀስ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ዝም ብሎ ግን ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል።

ባክቴሪያው የሚኖረው ጠጠሩ ውስጥም ጭምር ነው። መድኃኒቱ ሽንት ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ ጠጠሩ ውስጥ ያለው ጋ ግን በደንብ አይደርስም። በሽታው እየተመላለሰ የሚያስቸግርዎ ለዚህ ነው። በየጊዜው ሲፕሮ መግዛቱ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። (ፋርማሲዎቹም ያለ ማዘዣ ባይሸጡ ደስ ባለኝ!)

ቢራው ይቅርብዎ። ሽንት ያበዛ እንደሆነ እንጂ ይህን ጠጠር አያሟሟም። በራሳቸው የሚወጡት በአብዛኛው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ናቸው።

ስለ ቀዶ ጥገናው፣ የግድ ጎን አይቀደድም። ትልቅ ጠጠር በጀርባ በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተከፍቶ፣ በመሣሪያ ተሰባብሮ ሊወጣ ይችላል። ይህ ወደሚሠራበት ሆስፒታል እንዲልኩዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አስቀድሞ በካልቸሩ ውጤት የተመረጠ አንቲባዮቲክ ይሰጥዎታል። ፍርፋሪ ከቀረ ባክቴሪያውም አብሮ ይቀራል፤ ጠጠሩም እንደገና ያድጋል። ስለዚህ ምንም አለመቅረቱ በሲቲ ስካን ይረጋገጥ። የወጣውም ጠጠር ላቦራቶሪ ይላክ።

እስከዚያው ግን ጎንዎን እያመመዎ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጠጠሩ የሽንቱን መንገድ ከዘጋው ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።