ስልክ በእጅ ይዞ የተረጋጋ ቪዲዮ መቅረጽ፦ ጥያቄና መልስ

ስልክ በእጅ ይዞ ስለ መቅረጽ የምትጠይቁት ካለ ዛሬ በርከት አድርጌ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሁለት ነገር አትርሱ፦ ቆማችሁ ነው ወይስ እየተራመዳችሁ? ብርሃኑስ ምን ያህል ነበር? «ቪዲዮዬ ይንቀጠቀጣል» ብቻ ካላችሁኝ መልሴ ግምት ይሆናል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃ ንጠትና ብርሃን ሲያንስ የሚመጣው ብዥታ ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ ቆሜ ነው የምቀርጸው፣ ቀን ላይ፣ በዋናው ካሜራ። እንደዚያም ሆኖ ምስሉ አይረጋም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአያያዝህ። ስልክ ቀላል ስለሆነ የጣትህን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ሳይቀር ይቀበላል፤ ከባድ ካሜራ በክብደቱ የሚውጠውን ንዝረት ስልክ አይውጥም። በሁለት እጅ ያዘው፣ ክርኖችህን ከጎድንህ ጋር አጣብቃቸው፣ እጅህን ወደ ፊት አትዘርጋ። እግሮችህን በትከሻህ ስፋት ከፍተህ ጉልበትህን ላላ አድርግ። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ካገኘህ በትከሻህ ተደገፍ፤ ጠረጴዛ ካለ ክርንህን አሳርፍበት። ትንፋሽህን አፍነህ አትያዝ፤ ጡንቻ ይወጠርና መንቀጥቀጡ ይብሳል። በቀስታ እያስወጣህ ቅረጽ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ያለው የስልክ ሽፋን ካለህ ማሰሪያው እስኪወጠር ድረስ ስልኩን ወደ ፊት ግፋው። ያኔ ስልኩ ሁለት ቦታ ሳይሆን ሦስት ቦታ ተያዘ ማለት ነው። ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ ስክሪን ላይ ስትነካ ስልኩ ይናጣል፤ በብዙ ስልኮች በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ መጀመር ስለሚቻል እሱን ተጠቀም። ያም ሆኖ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሁለት ሰከንድ ኋላ ላይ ቁረጥ።

ጥያቄ፦ የስልኬ ማስታወቂያ «ኦአይኤስ አለው» ይላል። የጓደኛዬ ደግሞ «ኢአይኤስ» ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ኦአይኤስ (በሌንስ ወይም በሴንሰር እንቅስቃሴ የሚሠራ ማረጋጊያ) ባለው ስልክ ጋይሮስኮፑ (የስልኩን መዞርና መጋደል የሚለካው ክፍል) መንቀጥቀጡን ይለካል፤ ትናንሽ ኤሌክትሮማግኔቶች ደግሞ ሌንሱን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንቀሳቅሱታል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደወጣው አይፎን 12 ፕሮ ማክስ ባሉት ላይ የሚንቀሳቀሰው ሌንሱ ሳይሆን ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ሴንሰር ራሱ ነው። ጥቅሙ ምስሉ ገና በሚነሳበት ቅጽበት ማረሙ ነው፤ ስለዚህ ብዥታንም ይቀንሳል። ነገር ግን የሚንቀሳቀስበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ ይችላል፣ የእርምጃ ንጠት አይችልም።

ኢአይኤስ ሶፍትዌር ነው። የምስሉን ዳር ዳር ይቆርጥና የቀረውን በየፍሬሙ (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) እያንሸራተተና እያዞረ ያስተካክላል። ስታበራው የምስሉ ስፋት የሚጠብበው ለዚህ ነው። ትልልቅ እንቅስቃሴ ይችላል፤ አንዴ ፍሬሙ ላይ ያረፈን ብዥታ ግን አይፍቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአይፎን 14 ጋር የመጣው አክሽን ሞድና የሳምሰንግ ሱፐር ስቴዲ የዚሁ ጠንከር ያለ መልክ ናቸው፦ ብዙ ይቆርጣሉ፣ ብዙ ብርሃንም ይጠይቃሉ። ሁለቱንም ያጣመረ ስልክ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ኦአይኤስ ያለውን እወስዳለሁ፤ ምክንያቱ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ እየተራመድኩ ስቀርጽ ያምራል። ማታ በዚያው ስልክ፣ በዚያው አረማመድ፣ ምስሉ ቦታውን ሳይለቅ በየቅጽበቱ ብዥ ጥርት፣ ብዥ ጥርት ይላል። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። ብዙ ሰው ጂምባል (ስልኩን በሞተር የሚያረጋጋ መያዣ) ካልገዛሁ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ የጎደለው ግን ብርሃን ነው።

በሰከንድ 30 ፍሬም ስትቀርጪ፣ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እስከ 1/30 ሰከንድ ያዘገየዋል። ቀን ላይ ይኸው ሹተር 1/500 ወይም ከዚያም የፈጠነ ሊሆን ይችላል። ሹተሩ ተከፍቶ በሚቆይበት 1/30 ሰከንድ ውስጥ እግርሽ መሬት ሲመታ ስልኩ ይንቀሳቀስና ያ ፍሬም ተጎትቶ ይቀረጻል። ኢአይኤስ ፍሬሙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ መጎተቱ ግን አብሮ ይቀራል። እግርሽ በተነሳበት ሰዓት የተቀረጸው ፍሬም ጥርት ያለ ስለሚሆን ሁለቱ ሲፈራረቁ የምታይው ነገር ይፈጠራል።

የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ፣ ወደ ብርሃን ቅረቢ፤ ከመብራት ሥር መቆም ከየትኛውም ቅንብር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ዋናውን ሌንስ ተጠቀሚ፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ ሰፊው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ጠባብ፣ ሴንሰሩም ትንሽ ነው። ሱፐር ስቴዲም ሆነ አክሽን ሞድ ማታ ይጥፋ። በሰከንድ 60 ፍሬምም ተዪው፤ ሹተሩ ከ1/60 ሰከንድ በላይ ተከፍቶ መቆየት ስለማይችል በ30 ፍሬም ልታገኚ ከምትችይው ብርሃን ግማሹን ያስቀርብሻል። ሹተር በእጅ የሚስተካከልበት «ፕሮ» የሚባል የቪዲዮ ክፍል ወይም መተግበሪያ ካለሽ የኤሌክትሪኩ መስመር 50 ኸርዝ በሆነበት አገር 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/120 ላይ ቆልፊውና አይኤስኦው (ስልኩ ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ይጨምር። ከእነዚህ ውጭ ብትመርጪ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሊሉብሽ ይችላሉ። ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል፤ ይብዛ። ነጠብጣብ ኋላ ላይ በኤዲቲንግ ይቀንሳል፣ የተጎተተ ፍሬም ግን አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልሆነ ማታ ቆመሽ ቅረጪ።

ጥያቄ፦ ሹተር የፍሬሙ እጥፍ መሆን አለበት፣ ለ25 ፍሬም 1/50 ነው ሲባል ነበር የምንሰማው። ይህ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ አልቀረም፣ ግን ለትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) እና ለጂምባል ነው። ቀን ላይ በእጅ እየተራመዱ በኢአይኤስ ለሚቀርጹት ከ1/120 እስከ 1/240 ያለው ይሻላል፤ ሹተሩ ሲፈጥን ፍሬሙ አይጎተትም። በዚሁ ምክንያት ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጎ መራመድ ሹተሩን ስለሚያዘገየው ራስ ላይ ችግር መጥራት ነው።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ እየተራመድኩ ስቀርጽ ወደ ላይና ወደ ታች ይነጥራል። አረማመድ የሚባል ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ። ጉልበትህን በመጠኑ እጠፍና ከተለመደው ቁመትህ ትንሽ ዝቅ ብለህ ተራመድ። እርምጃህን አሳጥር። ተረከዝህን በቀስታ አሳርፈህ ክብደትህን ወደ ጣቶችህ አስተላልፍ፤ እግርህን አትጣለው። አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ቅድም ክርንህን አጣብቅ ያልኩት ለቆመ ሰው ነው። ስትራመድ ክርንህ ከሰውነትህ ጋር ከተጣበቀ የእግርህ ምት በቀጥታ ስልኩ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ክርንህን አጥፈህ ከጎድንህ ጥቂት አርቀው፣ ክንድህ ምቱን ይዋጠው።

ብዙዎች የማያስተውሉት የርቀት ነገር ነው። ጋይሮስኮፕ የሚለካው የስልኩን መዞርና መጋደል ነው እንጂ ከፍ ዝቅ ማለቱን አይደለም። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። ከፊትህ አንድ ሜትር ላይ ያለ ነገር ስትቀርጽ ይህ በደንብ ይታያል፤ 20 ሜትር ላይ ያለ ሕንፃ ላይ ግን ከነጭራሹ አይታወቅም። ስለዚህ እየተራመድክ የምትቀርጸው ነገር ራቅ ያለ ይሁን፤ ቅርብ የሆነውን ቆመህ ቅረጽ። ሰው እየተከተልክ ከሆነ እግርህን ከእሱ እግር ጋር አስማማ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ከፍ ዝቅ ስለምትሉ ቢያንስ ሰውየው በፍሬሙ ውስጥ አይዘልም።

ጥያቄ፦ ጂምባል ገዝቼ አሁንም ይዘላል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለልክም። ሦስቱ ሞተሮች የሚያርሙት ወደ ጎን መዞርን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበልንና መጋደልን ነው። ስልኩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አራተኛ ሞተር የለም። አረማመዱ ለጂምባልም ያው ነው።

ግን እነዚህንም ፈትሽ። ጂምባሉ ሳይበራ ስልኩን ግጠመውና ወደ ግራና ቀኝ እያንሸራተትክ ወደ የትኛውም ጎን የማይወድቅበትን ቦታ ፈልግ። ሚዛኑ ካልተጠበቀ ሞተሩ ሁልጊዜ ስለሚታገል ይሞቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጥቃቅን ንዝረትም ይፈጥራል። ወፍራም የስልክ ሽፋን አውልቅ። አክሽን ሞድን ወይም ሱፐር ስቴዲን አጥፋ፤ ጂምባሉና ሶፍትዌሩ አንዱ ሌላውን ሊያርም ሲሞክር የምስሉ ዳር ይዋልላል። አድማሱ ከተንጋደደ ጂምባሉን ደልዳላ ቦታ አስቀምጠህ ካሊብሬት አድርገው (ልኩን እንደገና እንዲያስተካክል)። ለመጀመሪያ ጊዜ «ፎሎው» (ጂምባሉ የእጅህን መዞር በቀስታ የሚከተልበት ቅንብር) ላይ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ጂምባል የመግዛት አቅም ለሌለንስ?

መልስ፦ ገመድ። ከታች 1/4 ኢንች ቀዳዳ ያለው የስልክ መያዣ ያስፈልጋል፤ የትራይፖድ መደበኛ ልክ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። ልኩ የሆነ ብሎን ግጠምበትና የማይለጠጥ ገመድ እሰርበት። የገመዱን ሌላ ጫፍ ረግጠህ ስልኩን ወደ ላይ ወጥረህ ያዘው፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ወዲያው ይቆማል። ገመዱን ረዘም አድርገህ በሁለቱም እግርህ ከረገጥከውና ሦስት ማዕዘን ከሠራ የጎኑም ይቀንሳል። ለቆመ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ካሜራውን ወደ ጎን ሳዞር መጀመሪያ አልሄድ ይላል፣ ከዚያ ይፈተለካል።

መልስ፦ ኢአይኤስ ማዞርሽን እንደ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ሊያርመው እየሞከረ ነው። የቆረጠው ዳር ሲያልቅበት ይለቅና ምስሉ ይዘላል። ማዞሩን እጅግ በቀስታ ጀምሪ፣ መሀል ላይ ፍጥነቱን እኩል አድርጊ፣ በቀስታ ጨርሺ። መነሻውም መድረሻውም ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆመሽ ቅረጪ። የእግርሽን ጣቶች ማዞሩ ወደሚያበቃበት አቅጣጫ አድርገሽ ከወገብሽ በላይ ወደ መነሻው ተጠምዘሽ ጀምሪ፤ ሰውነትሽ እየተፈታ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ አትንቀጠቀጪም።

ጥያቄ፦ ዙም ሳደርግ የባሰ ይሆናል።

መልስ፦ ዙም መንቀጥቀጡንም ያጎላዋል፤ በ3 እጥፍ ዙም የእጅህ ንዝረት በ3 እጥፍ ይታያል። በእግርህ ቅረብ።

ጥያቄ፦ ስልኩን የሞተር ሳይክል መሪ ላይ አስሬ ስቀርጽ ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ሁሉ ይወላገዳሉ። ምንድን ነው?

መልስ፦ የስልክ ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ያነባል። የመጨረሻው መስመር እስኪነበብ ሞተሩ ስልኩን አንቀጥቅጦታል፤ ስለዚህ የምሰሶው አናትና ሥር የተለያየ ቦታ ላይ ይቀረጻሉ። ሹተር ማፍጠን ይህን አይፈታም። የሚፈታው ንዝረቱ ስልኩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስቀረው ጎማ ያለበት መያዣ ነው።

ከምስሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ስልኩ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ጠንካራ የሞተር ሳይክል ንዝረት የኦአይኤስና የፎከስ ክፍሎችን ሊጎዳ እንደሚችል በይፋ አስጠንቅቋል። ኦአይኤስ የሌለው አሮጌ ስልክ ካለህ ለዚህ ሥራ እሱን ተጠቀም።

ጥያቄ፦ መኪና ውስጥ ሾፌሩን ስቀርጽ ዳሽቦርዱ ይዋኛል።

መልስ፦ ጋይሮስኮፑ መኪናው ሲታጠፍ ስልኩ የዞረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ውጭውን አረጋግቶ ውስጡን ያንቀሳቅሳል። ውስጡን ለመቅረጽ ስልኩን ከመኪናው ጋር አጥብቀህ እሰርና፣ ስልክህ ከፈቀደ፣ ማረጋጊያውን አጥፋ። ውጭውን ከሆነ ተቃራኒው፦ በእጅህ ያዘው፣ ክርንህን በሩ ላይ አታሳርፍ።

ጥያቄ፦ ቀድሞ የተቀረጸን ቪዲዮ በኤዲቲንግ ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ ብዥታ ከሌለበት በአብዛኛው ይቻላል። ካፕካት፣ ጉግል ፎቶስ፣ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሁሉም ማረጋጊያ አላቸው። መጀመሪያ የምትፈልጊውን ክፍል ቁረጪ፣ ከዚያ አረጋጊ፣ ጽሑፍና ዙም በመጨረሻ። ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምሪ፤ መጠኑን በጨመርሽ ቁጥር ብዙ ይቆረጣል፣ የቀረውም ይለጠጣል። በስልኩ ኢአይኤስ አንዴ የተስተካከለን ቪዲዮ ደግሞ በኃይል ማረጋጋት ዳሩን ያወዛውዘዋል። ለወደፊቱ በ4ኬ ቀርጸሽ በ1080 አውጪ፤ 3840 በ2160 የሆነው ፍሬም ከ1920 በ1080 አራት እጥፍ ነጥብ ስላለው ለመቁረጥ በቂ ትርፍ አለሽ።

ጥያቄ፦ በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽ ያረጋጋል?

መልስ፦ በራሱ አያረጋጋም። 60ውን በ30 አጫውተህ ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንስ ግን ንጠቱም በግማሽ ይዘገይና ለስለስ ብሎ ይታያል። ሰው የሚናገርበት ቪዲዮ ላይ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አይፎን ነው፤ እጄ ምንም ሳይንቀሳቀስ ምስሉ ድንገት ዝልል ይላል፣ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል።

መልስ፦ ያ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ስልኩ በራሱ ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው እየቀየረ ነው። ወደ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ግባና «ሎክ ካሜራ» የሚለውን አብራ። ምስሉ ሲተነፍስ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ፎከሱ ነው የሚመላለሰው፤ የምትቀርጸውን ነገር ስክሪኑ ላይ ጫን አድርገህ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፍና ጀምር።