ምልክቱ እንዲያምር ብላችሁ መረጃውን አትቀይሩ
የካርታ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐረር የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ማንም ሰው መረጃ በሚጨምርበት የጋራ ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ እየመዘገብን ነው፤ የምንሠራበት ፕሮግራም ጆዝም ይባላል። መስጊድ ስንመዘግብ የጨረቃ ምልክት ወዲያው ይወጣል። ለአዋች (ሰው ለዝያራ ለሚሄድባቸው የቅዱሳን መታሰቢያ ቦታዎች) ግን የምንፈልገውን ዓይነት ምልክት አጣን። አንዱ ጓደኛችን «መስጊድ ብላችሁ መዝግቧቸው፣ ቢያንስ ጨረቃው ይታያል» አለንና የተወሰኑትን እንደዚያ አደረግን። አሁን ደግሞ ካርታውን ትንሽ ራቅ አድርገን ስናየው ጨረቃ በጨረቃ ላይ ተደራርቦ መንገዱ እንኳን አይለይም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መስጊድ ተብለው የተመዘገቡትን አዋች መልሳችሁ አስተካክሏቸው። የምልክቱ ነገር ቀላል ነው፤ እደርስበታለሁ። መረጃው ግን ከእናንተ እጅ ወጥቶ የሁሉም ሰው ሆኗል። በጆዝም ላይ የምታዪው ጨረቃ ያለው በአንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚላከው ምስሉ ሳይሆን «ይህ ቦታ መስጊድ ነው» የሚለው ቃላችሁ ነው። ያንን ቃል አምኖ ስልኩን ይዞ የሚመጣ እንግዳ አለ፤ ስለ ከተማው ጥናት የሚሠራ ተማሪ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋች እንዳሉት ለይቶ ጽፏል። የሐረር ሰው ለስግደት የሚሄድበትንና ለዝያራ (ለጉብኝትና ለዱዓ) የሚሄድበትን ቦታ አያምታታም። ካርታውም ማምታታት የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም።

አስተራረሙ እንዲህ ነው። የተጠራጠርሽውን ቦታ ምረጪና ኮንትሮልንና ኤችን አንድ ላይ ተጫኚ። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደመዘገበው ታሪኩ ይዘረዘርልሻል። እናንተ የቀየራችሁት ከሆነ መስጊድ የሚያሰኘውን መለያ፣ ማለትም የቦታውን ዓይነት የሚናገረውን የቁልፍና የዋጋ ጥንድ፣ አንሺ። እንደ ጥንቱ የሐረር ገዢ እንደ አሚር ኑር ያለ የታወቀ መቃብር ከሆነ «ሂስቶሪክ» በሚለው ቁልፍ ሥር «ቱምብ» የሚለውን ዋጋ ስጪው። መቃብር የሌለበት ከሆነ ግን መቃብር አትበይው፤ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቀሽ የሰማሽውን በማብራሪያው መለያ ላይ በቃላት ጻፊ። ሌላ ሰው የመዘገበውን ደግሞ ሳትጠይቂው አትንኪበት።

አሁን ወደ ምልክቱ። ጆዝም መልክ የሚሰጠው ማፕ ሲኤስኤስ በተባለ አጻጻፍ በተዘጋጀ የስታይል ፋይል ነው። የራስሽን ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ መጻፍ ትችያለሽ። የአንድ ምልክት ደንብ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ደንቡ ማንን እንደሚመለከት ትናገሪያለሽ፦ ነጥብ ከሆነ «ኖድ» ብለሽ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መለያውን ታስገቢያለሽ። ከዚያ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ምን እንዲታይ እንደምትፈልጊ፦ የምስሉ ፋይል ስም፣ የምስሉ ስፋት፣ ከሥሩ የሚጻፈው ስም። ለአዋች አረንጓዴ ጉልላት ብትስይ ደስ ይለኛል፤ የአሚር ኑርን መቃብር ያየ ሰው ማብራሪያ ሳይፈልግ ይረዳዋል። ምስሉን በኤስቪጂ፣ ቢያድግም ቢያንስም በማይደበዝዘው የምስል ዓይነት፣ አዘጋጂው። ስታይሉንና ምስሎቹን በአንድ ዚፕ ጠቅልለሽ ለጓደኞችሽ ከላክሽ ሁላችሁም ተመሳሳይ ካርታ እያያችሁ ትሠራላችሁ። ኤፍ 12ን ተጭነሽ «ማፕ ፔይንት ስታይልስ» የሚለው ዘንድ በመደመር ምልክቱ ታስገቢዋለሽ።

ብዙዎች የሚደናቀፉበትን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ቦታው በነጥብ ሳይሆን እንደ ሕንፃ ዙሪያው ተከቦ ከተመዘገበ «ኖድ» ብለሽ የጻፍሽው ደንብ አያገኘውም። ለእሱ «ኤሪያ» ብለሽ ሌላ ደንብ ጨምሪ፤ ምስሉ ሕንፃው መካከል ላይ ይቀመጣል። ሁለት ደንቦች አንዱን ነገር የሚመለከቱ ከሆነ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ያሸንፋል። ስለዚህ አጠቃላዩን ከላይ፣ ልዩ የሆነውን ከታች አድርጊ።

መደራረቡን በሒሳብ ብናየው ይሻላል። 82ና 102 ሲደመር 184 ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ ስፋት 48 ሔክታር ስለሆነ፣ በአንድ ሔክታር አራት የሚጠጋ ምልክት ይደርሳል ማለት ነው። ካርታሽን በ1፡10,000 ስታዪ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምስል መሬት ላይ 50 ሜትር በ50 ሜትር ይሸፍናል፤ ሩብ ሔክታር! አራቱ ምስሎች አንዱን ሔክታር ሙሉ በሙሉ ዋጡት ማለት ነው። መንገዱ የጠፋሽ ለዚህ ነው። በ1፡2,500 ግን ያው ምስል የሚይዘው 12.5 ሜትር በ12.5 ሜትር ነው፤ አራቱ ተደምረው ከሔክታሩ ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉን ብቻ ይወስዳሉ። ስለዚህ ምስሉን ማሳነስ አይበቃም፤ መቼ እንደሚታይ መወሰን አለብሽ። «ኖድ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቋሚ መስመር፣ ዜድ፣ 17 እና ሰረዝ ጻፊ፤ ምስሉ ከ17ኛው የማጉያ ደረጃ ጀምሮ ብቻ ይወጣል። በሮቹን ግን ከዚያ ቀደም ብለው እንዲታዩ አድርጊ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ከሩቅ የሚታዩ መሆን አለባቸው፤ ሰው በጀጎል ውስጥ አቅጣጫውን የሚያውቀው በእነሱ ነው። የበሮቹ መለያ «ሂስቶሪክ» ሥር «ሲቲ ጌት» ነው። ስማቸውን በአማርኛ ብቻ አትተዪው፤ አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ የሚለውን የሐረሪ ስማቸውን በራሱ የቋንቋ መለያ መዝግቢ። ስታይሉ የትኛውን እንደሚያሳይ አንቺ ትመርጫለሽ፤ መረጃው ግን ሁሉንም ይያዝ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለእንግዶች የሚሆን የከተማ ካርታ በኪውጂአይኤስ፣ በካርታ መሥሪያው ፕሮግራም፣ አዘጋጅቼ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ሰጠሁ። እዚያ ሲከፍቱት የሆቴሉም፣ የባንኩም፣ የሆስፒታሉም ምልክት የጥያቄ ምልክት ሆኗል፤ የአማርኛው ጽሑፍም መልኩን ቀይሯል። ምን በደልኩ?

መልስ፦ የበደሉት ነገር የለም። ኪውጂአይኤስ የኤስቪጂ ምስል ሲጠቀም ምስሉን ራሱን ሳይሆን ፋይሉ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው የሚይዘው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያ አድራሻ የለም፤ በምስሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። የምልክቱን ቅንብር ይክፈቱና የፋይሉ አድራሻ ከተጻፈበት ሳጥን አጠገብ ካለው ቀስት «ኢምቤድ ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፤ ምስሉ ከስታይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማተሚያ ቤት የፕሮጀክት ፋይል አለመስጠት ነው። በፒዲኤፍ ያውጡት፤ ሲያወጡም ጽሑፉ ሁልጊዜ በቅርጽ መስመር እንዲወጣ የሚያደርገውን አማራጭ ይምረጡ። ያኔ እነሱ ዘንድ የእርስዎ የግዕዝ ፊደል ባይጫንም ጽሑፉ አይበላሽም። የምልክቶቹ መጠን በሚሊ ሜትር መሆኑንም ይመልከቱ፤ በካርታ አሃድ፣ ማለትም በመሬት ላይ ልኬት፣ ከሆነ መጠነ ልኬቱን በቀየሩ ቁጥር አብሮ ያድጋል ወይም ያንሳል።

ጥያቄ፦ የድሮው የባቡር ሐዲድና አዲሱ በካርታዬ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ናቸው። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ በሐዲዱ ስፋት። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። «ጌጅ» የሚለው መለያ መሞላቱን ያረጋግጡና በኪውጂአይኤስ በደንብ ላይ የተመሠረተውን አሳሳል መርጠው ለእያንዳንዱ ስፋት የራሱን መስመር ይስጡት።

ጥያቄ፦ ደቻቱን ሰማያዊ አድርጌ ብስለው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚሄድበት ይመስላል። ብተወው ደግሞ ወንዙ ከካርታው ላይ ይጠፋል።

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው የወሰደው ከዚሁ አሸዋ ነው፤ የድሬዳዋ ካርታ ደቻቱን ካላሳየ አላገለገለም። መረጃው ላይ ወንዝ መሆኑን፣ ውሃውም ወቅታዊ መሆኑን በ«ኢንተርሚተንት» መለያ ይመዝግቡ። ከዚያ በሁለት ንብርብር ይሳሉት። የአሸዋውን ወለል ከዳር እስከ ዳር በትክክለኛ ስፋቱ እንደ ቦታ ያስምሩና የአሸዋ ቀለም በነጠብጣብ ይሙሉት፤ በመካከሉ ቆራጣ ሰማያዊ መስመር ያስኪዱ። አንዳንድ ሠራተኞች ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ አስምረው ሁለቱ ዳር ላይ ቤቶቹን አስጠግተው ይስላሉ፤ እኔ ይህን እቃወማለሁ፤ ካርታውን የሚያይ ሰው ወለሉ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አያውቅም። ድልድዮቹንና በበጋ በእግር የሚሻገሩባቸውን ቦታዎች በተለያየ ምልክት ይለዩ፤ የመሻገሪያዎቹን ምልክት ከድልድዮቹ ያሳንሱ። በመጨረሻ አንድ ቅጂ በጥቁርና ነጭ አትመው ይሞክሩት፤ በቀበሌ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ በፎቶ ኮፒ የተባዛው ስለሆነ፣ ነጠብጣቡና ቆራጣው መስመር ያለ ቀለም መለየት አለባቸው።