የሳህኑ ኬሚካል ወተት ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ5 ወር ልጅ አለኝ፤ ጡቴ ስለማይበቃው የቆርቆሮ ወተት እጨምርለታለሁ። ጎረቤቴ «ቻይና ውስጥ የሳህን ኬሚካል ጨምረውበት ልጆች ፈጅቷል» ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው? ቤቴም የሜላሚን ሳህን ሞልቷል። (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ አልዋሸችም። ነገሩ የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሳንሉ የሚባል ትልቅ የቻይና ኩባንያ ባመረተው የሕፃናት ወተት ውስጥ ሜላሚን፣ ያ የሳህን መሥሪያ ኬሚካል፣ ተገኘ፤ ሲጣራ ሌሎቹም ጉድ ሆኑ። 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ በመንግሥት ቆጠራ 6ቱ ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት 2 ሰዎች በሞት ተቀጡ፣ የሳንሉ ሊቀመንበር የነበረችው ሴትዮም ዕድሜ ልክ ተፈረደባት።

ግን ለምን ሜላሚን? ወተት አያጣፍጥ፣ አያወፍር! ሚስጥሩ ያለው መመርመሪያው ላይ ነው። ፋብሪካ ወተት ሲረከብ ውሃ እንዳልገባበት ለማወቅ ፕሮቲኑን ያስለካል። የተለመደው ዘዴ ግን፣ ዴንማርካዊው ኬሚስት ኬልዳል በ1883 ያወጣው፣ ፕሮቲኑን በቀጥታ አያየውም፤ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘውን ናይትሮጅን ይለካና በስሌት ወደ ፕሮቲን ይቀይረዋል። ናይትሮጅኑ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሜላሚን ደግሞ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 1 ግራሙ ወረቀት ላይ ከ4 ግራም በላይ ፕሮቲን ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ሊትር የላም ወተት 32 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሦስት እጁ ወተት፣ አንድ እጁ ውሃ ሲሆን ወደ 24 ይወርዳል። የጎደለውን 8 ግራም በወረቀት ለመሙላት 2 ግራም ሜላሚን ይበቃል። ነጭ ዱቄት ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይሸትም። የሚያናድደው፣ በ2007 አሜሪካ ውስጥ ውሾችና ድመቶች ከቻይና በመጣ፣ በዚሁ ዘዴ በተበረዘ የስንዴ ፕሮቲን ሞተው ነበር። ሰሚ ጠፋ እንጂ ደወሉ ተደውሏል።

ሜላሚን እንደ አይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም። ሰውነት ሳይፈጨው በሽንት ያስወጣዋል። ጣጣው ኩላሊት ላይ ነው፤ ሽንት ውስጥ ካለው ዩሪክ አሲድ ጋር ተያይዞ ጠጠር ይሆናል። የሕፃን ሽንት ዩሪክ አሲድ ይበዛዋል፣ ሌላ ምግብም ስለሌለው ቀን ከሌት ያንኑ ወተት ነው የሚጠባው። ጠጠሩ በተራ ራጅ ስለማይታይ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ልጅ ሲሸና የሚያለቅስ፣ ሽንቱ የቀነሰ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ማፍላት አያጠፋውም፣ በዚህ አትተማመኚ። ደግነቱ ዛሬ ሜላሚንን ለይቶ የሚያወጣ ምርመራ አለ፤ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብም በ2010 ለሕፃናት ዱቄት ወተት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። አንቺ ማሸጊያው ያልተነካ፣ ቀኑ ያላለፈ ቆርቆሮ ግዢ። ተፈቶ በላስቲክ የሚቸረቸር ዱቄት ለልጅ አይሆንም።

ሳህኑን አትጣዪው። እዚያ ውስጥ ያለው ሜላሚን ከፎርማልዲሃይድ ጋር ተጋግሮ ፕላስቲክ ሆኗል፤ የሚለቀው በጣም ትንሽ ነው። ሙቀትና ኮምጣጣ ሲደርብበት ግን ይጨምራል። ማይክሮዌቭ አታስገቢው፣ የሚፋጅ የቲማቲም ስልስም አትገልብጪበት።

ጥያቄ፦ ከገበሬ ወተት እየሰበሰብኩ ለካፌ አቀርባለሁ። ላክቶሜትር (ወተት ውስጥ የሚነከር መለኪያ) አለኝ፣ ውሃ ያለበትን እመልሳለሁ። ይሄ አይበቃም? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ላክቶሜትርም ልክ ከላይ እንዳልኩት የፕሮቲን ምርመራ ይሸወዳል። የሚለካው ወተቱ ከመጠኑ አንጻር ያለውን ክብደት ነው። ውሃ ሲገባ ንባቡ ይወርዳል፣ ቅባቱ ሲገፈፍ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ክሬሙን ለቅቤ ገፎ፣ ከዚያ ውሃ በልኩ ጠብ ያደረገ ሰው እርስዎ ጋ ንጹሕ ነጋዴ ነው! ቅባት የሚለካ ማኅበር ወይም ማቀነባበሪያ በቅርብ ካለ አልፎ አልፎ ናሙና ይስጡ። ወተቱ እንዳይበላሽ ብለው የሚጨምሩትን ፎርማሊንም ላክቶሜትሩ አያየውም። ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚወጋው ነገር ነው፣ ካንሰር ያመጣል። ጥሬ ወተት ያለ ፍሪጅ ውሎ አድሮ ካልረጋ ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ገና ከላሟ የወጣ ትኩስ ወተት ንባቡ ዝቅ ይላል። እንደዚያ ለክተው «ውሃ አለበት» ብለው የመለሱት ገበሬ ካለ በድለውት ይሆናል። መሣሪያው ላይ የተጻፈው ሙቀት እስኪደርስ ቀዝቀዝ ይበልና ይለኩት።