ከጅማ ወደ አፋር የሚወርድ መኪና፦ አሞርዛተር፣ ባሌስትራና ጨው

የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በኪራይ የማሠራው ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ አለኝ። በመጪው ኅዳር ጎብኚዎች ይዤ በሰመራ በኩል ወደ አፍዴራና ወደ ኤርታሌ ለመውረድ ተስማምቻለሁ። አንዱ መካኒክ ባሌስትራ ጨምር ይለኛል፤ ሌላው አሞርዛተሩን ቀይር ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጎማውን በደንብ አስነፍተህ ሂድ ብሎ ይመክረኛል። ገንዘቤ ሁሉንም ስለማይችል የትኛውን ላስቀድም? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ አሞርዛተሩን ያስቀድሙ። የአሞርዛተር ሥራ የሞላውንና የባሌስትራውን (መኪናውን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) መወዛወዝ በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት ለውጦ ማጥፋት ነው። በሰቃ ወይም በሊሙ ገነት መንገድ ሲሄዱ ጭቃውና ጠመዝማዛው ፍጥነትዎን ስለሚቀንሱት፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ ያ ሙቀት የመውጫ ጊዜ ያገኛል። በአፋር ግን ጠጠሩ ላይ ተከታትለው የሚመጡት ትንንሽ ጉብታዎች አሞርዛተሩን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ያሠሩታል፤ የውጭው አየርም ራሱ የጋለ ነው። በአፋር በሚገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደነበረ ካስታወስን፣ በዚያ አየር ውስጥ አንድ የጋለ ቱቦ ምን ያህል ሊቀዘቅዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ የሠራ ዘይት መኪናውን መያዝ ስለማይችል ጎማው መሬቱን እየለቀቀ መሪው ይቀልልብዎታል። ጅማ ላይ ደህና የሚመስል ያረጀ አሞርዛተር እዚያ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲገዙ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላውን ይምረጡ፤ ጋዙ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ስለሚጫነው ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ዓይነት ሙቀትን ቶሎ ያወጣል፤ ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ተይዞ ሊቆም ይችላል። ባለ ሁለት ግድግዳው በሙቀት በኩል ቢያንስም የውጪው ቆርቆሮ ቢመታ ሥራውን ይቀጥላል። የኤርታሌ መንገድ ከአሸዋው ሌላ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለትም ስላለበት፣ በእኔ አስተያየት ለእርስዎ ጉዞ ጋዝ ያለው፣ ወፈር ያለ ባለ ሁለት ግድግዳ ይሻላል።

ባሌስትራ የሚጨመረው በክብደት ልክ እንጂ በመንገድ ክፋት ልክ አይደለም። ስለዚህ አስቀድመው የሚጭኑትን ይደምሩ፦ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ 200 ሊትር ናፍጣ ወደ 170 ኪሎ ይጠጋል፤ በዚህ ላይ ሰዎቹ፣ ድንኳኑ፣ ምግቡና መለዋወጫ ጎማው አሉ። ድምሩ መኪናው ከወትሮው ከሚሸከመው ብዙም ካልበለጠ ያለው ባሌስትራ ይበቃል። ከልክ በላይ የጠነከረ ባሌስትራ ጭነቱ ሲወርድ መኪናውን እንደሚያዘልል፣ በቀሪው ወራት የጅማ ደንበኞችዎም ወገባቸውን ይዘው እንደሚወርዱ አይዘንጉ። ናፍጣውንና ውሃውን ጣሪያ ላይ ከመስቀል ይልቅ ዝቅ አድርጎና ወደ መሀል አስጠግቶ መጫን፣ አንድ ቅጠል ባሌስትራ ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማል፤ ወጪም የለውም።

የግድ የሚያስጨምሩ ከሆነ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ቡሎኖች አዲስ መሆን አለባቸው፤ አሮጌዎቹ አንድ ጊዜ ስለተሳቡ ዳግም በቂ ጥብቀት አይሰጡም። የጎሚኒዎቹ (በባሌስትራው ጫፎች የሚገቡት የላስቲክ ቀለበቶች) ቡሎኖችም በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ሳይሆን በአራት እግሩ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከ500 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ሁሉም እንደገና መጥበቅ ይኖርባቸዋል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ የሚሞላው ከአዳማ አልፈው አዋሽ ከመድረስዎ በፊት ነው፤ ምሳ ሲበሉ ቁልፍ አውጥተው ይጨርሱት።

ጎማውን በተመለከተ የሦስተኛው መካኒክ ምክር መታረም ያስፈልገዋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአፋር ያለው የዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። ወደ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ የሚነበበው በ3 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጅማ ላይ የተነፋውን ልክ አምነው አይሂዱ፤ እዚያው ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ ይለኩ። ለስላሳ አሸዋ ላይ ሲገቡ ወደ 18 ወይም 20 ፒኤስአይ ያውርዱት፤ ጎማው ሲረዝም ክብደቱ ይሰራጭና መኪናው ሳይሰምጥ ይሄዳል። በዚህ ልክ ሲነዱ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ በድንገትም አይታጠፉ፤ ወደ ዓለቱና ወደ አስፋልቱ ከመመለስዎ በፊትም እንደገና ይንፉት። ስለሆነም የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ሳይዙ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ሃይሉክሴን በ10 ሴንቲ ሜትር ለማስነሳት አስቤአለሁ። ለበረሃ ይጠቅመኛል? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አይጠቅምዎትም። ሞላና ባሌስትራ ሲረዝሙ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ከፍ ይላል እንጂ የኋላው ዲፈረንሻል (በአክስሉ መሀል ያለው የጥርስ ማርሽ ቤት) ባለበት ይቀራል፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። በሌላ በኩል የፊቶቹ ተሽከርካሪ ዘንጎች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፣ የፍሬን ቱቦዎች ይወጠራሉ፣ መኪናውም በአሸዋ ጉብታ ጎን ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፤ ከዚያም በኋላ የፊት እግር አሰላለፍ መስተካከል አለበት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ዳሎል ደርሼ ተመለስኩ። ጅማ እንደገባሁ መኪናዬን ላቫጆ አሳጠብኩት። ክረምቱ ሳያልቅ ግን የፍሬን ቧንቧው በዝገት ተበሳ፣ የሻንሲው ቡሎኖችም ተበሉ። በረሃ ሳለሁ አንዲት የዝገት ምልክት አላየሁም። ከሥር የተቃጠለ ዘይት ባስረጨው ኖሮ ይድን ነበር? (ከቆጪ)

መልስ፦ ጨው ብቻውን ደረቅ ሆኖ ሳለ ብረትን እምብዛም አይጎዳም፤ ዝገት ውሃ ይፈልጋል። ተራው ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ከአየር ውሃ እየሳበ ይሟሟል፤ በዳሎል ፖታሽ ከሚባለው ማዕድን ጋር የሚገኘው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ በ33 በመቶ አካባቢ ይጀምራል። በክረምት ጅማ ውስጥ ተከፍቶ ያደረ የጨው ከረጢት እንዴት እንደሚወዛ የሚያውቅ ሰው በሻንሲው ውስጥ የቀረው ጨው ምን እንደሚሆን ይረዳል። በረሃው ላይ አንቀላፍቶ የቆየው ጨው የጅማን ዝናብና ጤዛ ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል፤ ስለዚህ ጉዳቱ የታየው ክረምት ላይ መሆኑ አይግረምዎት።

ከዚህ የሚከተለው አጠባው ጅማ እስኪደርሱ መቆየት እንደሌለበት ነው። በሰመራ ወይም በመቀሌ፣ በመንገድዎ በመጀመሪያ በሚያገኙት ጨው የሌለበት ውሃ ያሳጥቡ፤ ጅማ ሲገቡ ደግሞ ይድገሙት። የላቫጆ ሠራተኞች የሚታየውን ያጥባሉ፤ ጨው የሚቀመጠው ግን በማይታየው ነው፦ በሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥ፣ በናፍጣ ታንከሩ ላይኛው ፊት፣ በጭቃ መከላከያው ጀርባ፣ በባሌስትራው ቅጠሎች መካከል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ብዙ ውሃ እንጂ ኃይለኛ ውሃ አይደለም። ኃይለኛውን ግፊት በኩሽኔታ ማሸጊያዎችና በዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ላይ ካነጣጠሩት ውሃው ከነጨዉ ወደ ውስጥ ይገባል። መኪናው ከመታጠቡ በፊት ይቀዝቅዝ፤ ከታጠበ በኋላም የግራሶ ማስገቢያ ባላቸው ቦታዎች ሁሉ አሮጌው ወጥቶ ንጹሕ ግራሶ እስኪታይ ድረስ ይሞላ።

ከመሄድዎ በፊትም መታጠብ አለበት። የጅማ ቀይ ሸክላ በሻንሲው ውስጥ ተጋግሮ እንዳለ ወደ ጨው ሜዳ ከወረዱ፣ ጭቃው ጨዋማውን ውሃ ይዞ ይመለሳል፤ አንዴ ከጠጣው ማስወጣቱ ከባድ ነው።

የተቃጠለ ዘይት መርጨትን አልመክርም። ዘይቱ ጎሚኒዎችን ያሳብጣል፣ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል፣ ወደ ፍሬን ከደረሰም አደገኛ ነው። በጨው ላይ ከተረጨ ደግሞ ጨውን ከሥሩ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። ታጥቦና በደንብ ደርቆ ሰም ያለበት የሻንሲ መከላከያ ቢቀባ ይሻላል።

የተበሳውን የፍሬን ቧንቧ በተመለከተ፣ ያንን ብቻ ቀይረው አይተዉት፤ የቀሩትም አብረው ተጉዘዋልና ከአንገታቸው እስከ መጋጠሚያቸው ይመርመሩ። ተራ የመዳብ ቱቦ በንዝረት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ለፍሬን አይቀበሉ፤ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ከተገኘ ዝገትን ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ባሌስትራው በአቧራ መንገድ ይጮኻል። ግራሶ ልቀባው? (ከሂርማታ)

መልስ፦ ቅጠሎቹን ከውጪ ግራሶ አይቀቡ፤ አሸዋው ከግራሶው ጋር ተለውሶ ብረቱን ይሞርደዋል። መጀመሪያ ይታጠብ። ጩኸቱ ከቀጠለ በቅጠሎቹ ጫፍ መካከል የሚገቡት ማለስለሻዎች አልቀው ወይም ጎሚኒው ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ የመሀሉ ቡሎን አካባቢም ስንጥቅ እንዳለ በባትሪ ብርሃን ይታይ፤ ቅጠል ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው።