የቀነስኩት ኪሎ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምና ዳይት ጀምሬ፣ ጂም ገብቼ 14 ኪሎ ቀነስኩ። ያየኝ ሁሉ «አማረብሽ» ይለኝ ነበር። ዘንድሮ 11ዱ ተመልሷል። የሚገርመኝ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይርበኛል፤ በልቼ እጄን ሳልታጠብ እንደገና ማጀት ገብቼ የድስት ክዳን እከፍታለሁ። ባለቤቴ «ሆድሽን መቻል አቅቶሽ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ተሳስቷል። ይህን ገጽ አስነብቢው።

አንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ሥራቸው የሚቃረን ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኞቹ «ብዪ» ባዮች ናቸው፣ ተመራማሪዎች ኤጂአርፒ ይሏቸዋል። ሌሎቹ፣ ፖምሲ የሚባሉት፣ «በቃሽ» ባዮች ናቸው። የብዪ ባዮቹን ጉልበት ቀላል አድርገሽ እንዳታይው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጠግባ የነበረች አይጥ ላይ እነዚህን ሕዋሳት በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ራባት መብላት ጀመረች። ከዚያ በፊት በ2005 ደግሞ ካደጉ አይጦች ላይ እነዚሁኑ ሕዋሳት ሲያጠፏቸው፣ አይጦቹ ምግቡ አጠገባቸው ተቀምጦ መብላት አቆሙ።

ታዲያ አንጎል ሰውነትሽ ላይ ስንት ስብ እንዳለ በምን ያውቃል? እዚህ ጋ ታሪኩ ደስ ይላል። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪ ዳግላስ ኮልማን የሚባል ተመራማሪ ከልክ በላይ የሚወፍሩ አይጦች ነበሩት። አንዷን ወፍራም ከአንዲት ጤነኛ ጋር ቆዳቸውን ሰፍቶ ደማቸው እንዲገናኝ አደረገ (ጭካኔ ነው፣ አውቃለሁ)። ወፍራሟ ምንም አልሆነችም፣ ጤነኛዋ ግን መብላት ትታ በረሃብ ሞተች። ኮልማን የደረሰበት ድምዳሜ፣ በወፍራሟ ደም ውስጥ «በቃሽ» የሚል ነገር ሞልቷል፣ የራሷ አንጎል ግን አይሰማውም የሚል ነበር። ያ ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው በ1994 ነው። ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄፍሪ ፍሪድማን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። የሚያመርተው ደግሞ ራሱ ስቡ ነው።

አሁን ወዳንቺ እንመለስ። 14 ኪሎ ስትቀንሺ የሌፕቲንሽ መጠን አብሮ ወረደ። አንጎልሽ «አማረብሽ» የሚሉሽን ሰዎች አይሰማም፤ እሱ የገባው ድርቅ መጥቷል ብሎ ነው። ስለዚህ ብዪ ባዮቹ ይጮሃሉ፣ ከጨጓራ የሚወጣው ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ ሰውነትሽም ጉልበት ይቆጥባል፣ ማለትም ያንኑ ሥራ እየሠራሽ ድሮ ታቃጥዪ ከነበረው ያነሰ ታቃጥያለሽ። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት ጥብቅ ዳይት ይዘው ነበር፤ በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት ዓመት ቆይቶ እንኳን የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፣ ዳይት ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው በላይም ይርባቸው ነበር። ያንቺው ታሪክ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ሌፕቲን ተወግቼ ልገላገል» እንዳትዪ። እንግሊዝ አገር ሁለት የአጎት ልጆች ሌፕቲን ከናካቴው እንደማያመርቱ በ1997 ታውቆ ነበር፤ አንደኛዋ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። እንደዚህ ላሉት ጥቂቶች መርፌው ተአምር ሠራ። አብዛኛው ወፍራም ሰው ግን ሌፕቲን ሞልቶታል፤ አንጎሉ ነው መስማቱን የቀነሰው። በእኔ እይታ ይህ ሥርዓት የሚፈራው መክሳትን ነው፣ መወፈር ብዙም አያስጨንቀውም።

ምን ታደርጊ? ራስሽን በረሃብ የምትቀጪበትን ዳይት ሁለተኛ እንዳትሞክሪው። ያልተመለሱት 3 ኪሎዎች እንደቀነሱ መቆየታቸው ራሱ ድል ነው። ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል አይጉደልሽ፣ እንቅስቃሴውን አታቋርጪ፣ በደንብ ተኚ፤ እንቅልፍ ሲያጥር ረሃብ እንደሚብስ በጥናት ታይቷል። የታይሮይድ ምርመራ ካላደረግሽ አድርጊ፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የሚያወፍሩ መድኃኒቶች አሉ።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ሁሉም ሰው የክብደት መርፌ ይወጋል። ልጀምር? (ወንድማችሁ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። እኔ አሠራሩን ልንገርህ። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ ሴማግሉታይድ ነው፤ አንጀት ምግብ ሲገባለት የሚለቀውን አንድ ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው፣ ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ሃይፖታላመስ ነው። በትልቁ ሙከራ ተወጊዎቹ በ68 ሳምንት ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ሲያቆሙት ግን በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። ስለዚህ «ለሠርግ እስክደርስ» ተብሎ የሚወሰድ ነገር አይደለም። ከማይታወቅ ሰው ደግሞ እንዳትገዛ፤ በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ አስጠንቅቋል።

ጥያቄ፦ ምግብ አዝዤ እስኪመጣ አብዳለሁ። ትሪው ሲቀርብ ግን ሳልበላ እረጋጋለሁ። ጤነኛ ነኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ነህ! በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች የተራቡ አይጦችን ኤጂአርፒ ሕዋሳት (ከላይ ያየናቸውን «ብዪ» ባዮች) ሲከታተሉ፣ ሕዋሳቱ ዝም የሚሉት ገና ምግቡ ሲታይ፣ አንድም ጉርሻ ሳይበላ ሆኖ ተገኘ። ምግቡ ሲነሳ ግን ጩኸታቸው ይመለሳል፤ አስተናጋጁ ትሪውን ተሳስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ከወሰደው ንዴትህ ለምን እንደሚብስ ገባህ?